ላጲስ

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከሰማይ አይወርድም፤
ከገደል ሲወጣ ማንንም አያስፈቅድም።
በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ፣ ከሽቦዎች ሥር
ያድራል እንደ ዘመድ፤ ያውቃል የቤት ምሥጢር።
አሥራ አራት ክረምት ኖርን ግድግዳ ተጋርተን፣
እሱ ሊያረጥብ፣ እኔ ላደርቅ ተስማምተን።

የመንዝ ወሬ ሁሉ በዚህች ክፍል ያልፋል፤
የበግ ዋጋ ያልፋል፣ የለቅሶ ጥሪ ያልፋል፤
ከመሐል ሜዳ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሊደርስ
እኔ ማማ ላይ ያርፋል፣ ትንፋሽ እስኪመልስ።
ድምፁን አልሰማውም፤ የማየው መብራት ነው፤
አረንጓዴ ሲሆን ሰው ለሰው ቅርብ ነው።

ሐምሌ ሲጋመስ ግን መስመሩ ይንተባተባል፤
"ሀሎ... ሀሎ... አልሰ—" ብሎ ይቆረጣል።
ቀይ።
ያኔ ካቢኔውን ከፍቼ፣ ካርዱን ስቤ አውጥቼ፣
ቢጫ ጥርሶቹን በባትሪ አይቼ፣
ከልጆቼ ቦርሳ በሰረቅኋት ላጲስ
አሸዋለሁ ጥርሱን፣ ክንዴ እስኪልፈሰፈስ።
እፍ እላለሁ። እሰካለሁ።
አረንጓዴ።
"እጀ ወርቁ ጥላዬ" አሉኝ የወረዳው ሰዎች፤
አንድ ፋሲካ በግ ሰጡኝ የሰላ ድንጋይ ነጋዴዎች።

ባለፈው ነሐሴ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
ቀይ ሆኖ ቀረ።
አሸሁ። ቀይ ነው። አሸሁ አሁንም።
ቀይ። ላጲሷ ልታልቅ ብዙ አልቀራትም።
ሲነጋ የሰማሁት፦ ከሞላሌ ወዲያ
አንድ ሰው አምቡላንስ ፍለጋ ሲደውል ነው ያደረው።
የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቅሁም።
እስካሁን አልጠየቅሁም።

ትርሲት መጣች ከአዲስ አበባ፣ ገና ልጅ እግር፤
አጉሊ መነጽሯን ይዛ ካርዱን ስትመረምር፣
"ወርቁ የታለ?" አለች።
"የምን ወርቅ?" አልኳት፤ "ቢጫው መዳብ አይደለም?"
ሳቀች መሰለኝ፤ ቀና ግን አላለችም።

"አንዲት ፀጉር መቶ ቦታ ብትሰነጠቅ፣
የአንዷ ስንጣሪ ናት የዚህ ውፍረት፣ የዚህ ወርቅ።
ከሥሩ ኒኬል አለ፣ ከዚያም ሥር መዳብ አለ፤
መዳብ ወሬ ይወዳል፤ ጉም ካወራው ተታለለ፣
አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ሲነጋ ይገኛል።
ወርቅ ግን ዝምተኛ ነው፤ ለአየር መልስ አይሰጥም፤
የተቀባው ለዚህ ነው፣ ለጌጥ አይደለም።
ይህን መሰኪያ ደግሞ ማን ነው የቀየረው?
ወርቅን ለቆርቆሮ ማን ነው የዳረው?
ሲነካኩ እኮ ይበላላሉ።"
"እኔው ነኝ" አልኳት። ሁለቱንም፣ እኔው።

የቅኔ ተማሪ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት በአንድ ምክር፦
ሰሙን ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ፤ ወርቁ አለ ከሥር።
ወርቅ ከላይ ይሆናል ብሎ ማን ጠረጠረ?
ስፍቅ የኖርኩት ለካ ወርቁን ራሱን ነበረ።

የላጲሱን ፍርፋሪ፣ ግራጫ ትል የመሰለውን፣
ጠዋት ጠዋት ጠርጌ ከደጃፌ ስጥለው፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል፣
ለነፋስ ወርቅ ስበትን ኖሬያለሁ፤
ሁሉም ተለቅሞ ቢቀልጥ
አይወጣው የጉንዳን ጆሮ ጌጥ።

አዲስ ካርድ ሰካች፤ መሰኪያውን ቀየረች፤
በበሩ ዙሪያ ላስቲክ አድርጋ አሸገች።
"ጋሽ ጥላዬ፣ ከእንግዲህ ሥራዎ
አለመንካት ነው" አለች።

ማታ ጉሙ መጣ፤ በሚያውቀው ቀዳዳ ገባ።
እጆቼን ብብቴ ሥር ወትፌ፣
እስኪነጋ አረንጓዴዋን ስጠብቅ አደርኩ።
እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ላጲሷን መለስኩላት ለአትጠገብ፣ ለትንሿ ልጄ፤
ጫፏ ብቻ ቀርታለች።
ሂሳብ ስትሠራ ሰባትን አጠፋችበት፤
ጥቁር ዳና ተወ ወረቀቱ ላይ።
"አባዬ፣ ይቺ እኮ ታቆሽሻለች" አለችና
በዳናው ላይ ስምንት ጻፈች።