ትርፍ ቀዳዳ

የአዳማ ነፋስ ማልዶ ይነሳል፣
ቆርቆሮ ያራግፋል፣ ሸራ ይበጥሳል፤
ኮረብታው ላይ ያሉት ባለሦስት ክንፎች
ይዞራሉ ቀስ ብለው፣ እንደ ሥራ ፈቶች፤
እኛ ታች፣ ጋራዡ ደጅ፣ ሽቦ ዘርግተን
መኪና እናጠባለን፣ በእነሱ ተማምነን።

ዛሬ ሁለት መኪና ሊፍቱ ላይ ወጥቷል።
አንዱ የወይዘሮ ብርነሽ፤ ዝናው ተወርቷል፣
ዋጋው ከእሱ ቀድሞ ሞጆ ድረስ ገብቷል።
በሩ ሲዘጋ እንኳ አይጮህም፤ ይተነፍሳል።
መሪው በብርድ ጊዜ በራሱ ይሞቃል፤
አዳማ ላይ፣ ታዲያ፣ ብርድን ማን ያውቃል?

ሌላው የቶሌራ ነው፤ ለእንጀራ የሚሮጥ፣
ወንበሩ ከነላስቲኩ፣ ቀለሙ የሚላጥ፣
የኋላ ፓራውልቱ በሲባጎ የታሰረ፣
ከቢሾፍቱ አዳማ ሲመላለስ የኖረ።

ባለቤቶቹ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤
መሃላቸው ግን ሌላ ሰው ያስቀምጣል።
"እሙዬ" አለችኝ፣ "ያንን ወዲያ አርጊልኝ፤
ጎን ለጎን ሲሰቀል ዓይኔን ቆረቆረኝ።"

የእጅ ባትሪ ነክሼ ከሥራቸው ገባሁ።
የሆድ ላሜራውን ቡሎን በቡሎን ፈታሁ፤
የእሷን አየሁ። ዞርኩ። የእሱንም አየሁ።
ያው ጠፍጣፋ ባትሪ እንደ ፍራሽ ተንጣሎ፣
ያው የብረት አጥንት ክብደቱን አዝሎ፣
ያው ማሕተም፣ ያው ፊደል፣ ያው የቁጥር ሐረግ፣
ጅራቱ ላይ ብቻ ሦስት በአራት ቢደረግ።
ላያቸው ባዳ ነው፤ ሆዳቸው መንታ ነው።
ማንስ ሰው ነው መኪናን ከሆዱ የሚያየው?

አባቴ ደበሌ ጋሪ ሠሪ ነበር።
የሞተ ፊያት አክሰል ከወንጂ መንገድ ዳር
ይገዛል፤ ይቆርጣል፤ ይበይዳል፤ ያው ነው።
አንዱ ውሃ በበርሜል ሊያመላልስበት ነው፣
አንዱ ሲሚንቶ ሊጭን፤ አንዱ ሰርግ ሲሆን
ቀይ ምንጣፍ አልብሶ ሊወስድ ሙሽራን።
"ላዩ ገበያ ነው፣ ሥሩ ነው ሙያዬ"
ይለኝ ነበር ማስኩን ገለጥ አርጎ አባዬ።
ያንኑ ብረት ግን፣ ሙሽራ ሲገዛው፣
ዓይኑን እንኳ ሳያሽ፣ እጥፍ ነበር ዋጋው።

ልዩነት የለም ብል ውሸት ይሆንብኛል።
በእሷው ውስጥ ድምፅን የሚውጥ ጥጥ ሞልቷል፤
በባሌስትራ ፋንታ በአየር ይንሳፈፋል፤
ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ሁለት ሞተር አለው።
የቶሌራ አንድ ነው። አንዱም ነው የሚያበላው።

የእሷ ሕመም ቀላል ነው፤ የታችኛው ክንዱ
ጉድጓድ ላይ ተሰብሯል፣ ደምበላ መንገዱ።
"ዕቃው ከፋብሪካ ሦስት ወር ነው" አልኳት።
"ሦስት ወር!" አለች፤ ቁልፉ ከእጇ ወደቀባት።
ቶሌራ ሳይጠራ ከአግዳሚው ተነሳ፣
ፖርቶባጋሊዮውን ከፍቶ ጆንያ አነሳ፤
ሹፌር ነው፤ መለዋወጫ ሳይዝ አያድርም።
ክንዱን ከጆንያው አወጣው። አልተናገረም።
ለካሁት። ገጠምኩት። ቀዳዳው ቀዳዳውን
አወቀው፤ ቡሎኑ ገባ፣ ሳይጠይቅ ዘሩን።

"ስንት ነው?" አለች፣ ወደ መሬት እያየች።
እጥፉን ጠራ፣ ሳቀ። ምንም ሳትል ከፈለች።
አባቴ ትዝ አለኝ፤ ከሥር ሳቅ አመለጠኝ።
"ምን ያስቅሻል?" አሉኝ።
"አቧራ ነው፤ ገባኝ።"

እሷ ሄደች። የቶሌራን ሆድ ልዘጋ ስመለስ፣
የኋላው አጥንት ላይ ብርሃኔ ሲደርስ፣
አራት ቀዳዳ አየሁ፣ ቡሎን ያልገባባቸው፣
በጥቁር ጎማ ክዳን የተለጎመ አፋቸው።
ሁለተኛው ሞተር የሚታሰርበት ነው፤
ለዚህ መኪና ያልታሰበ፣ ግን ቦታው ያለው።

ሳጥኔ ግርጌ ላይ ውጤቴ ታጥፎ አለ፤
ለዩኒቨርሲቲ በቂ ነው የተባለ።
ያን ክረምት የአባቴን ዓይን ብየዳው ወሰደው፤
ማስኩን እኔ ወረስኩት። መንገዱ ይኸው ነው።

ከአራቱ አንዱ ክዳን ላልቶ ተንጠልጥሏል።
ውጭ ያ ነፋስ ገና ቆርቆሮ ይመታል።
በአውራ ጣቴ ገፍቼ ቦታው መለስኩት፣
አቧራ እንዳይገባው።
ማን ያውቃል፤ አልበየድኩት።