ደርሷል

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን ቆፈን፣
ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ እስካፍንጫዬ ድፍን፣
ሰንጠረዡን ከፈትኩ፤
አራት ልጆች፣ አራት ስፍራ፣ ባንድ ቀንበር የጠመድኩ።
ትርሲት ዓለም ከተማ፣ ይርዳው ደብረ ሲና፣
ወይንሸት አታዬ፤
መሐል ሜዳን አልፎ ሽመክት፣ ወደ ላይ፣ እንደገና።
ሥራው የጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ወረፋ፣
ታማሚ ሲቆጠር ቁጥሩ እንዳይጠፋ።

«ቆራርሱት» ብዬ ነበር በመጀመሪያው ሳምንት፣
«ለየቁራሹ ሁሉ ባለቤት ስጡት፣
ቀን ያልተቆረጠለት ሥራ ምኞት ነው በሉት።»
ጻፉ። አመኑኝ። ቀኑ መጣ።
«ደርሷል» አለኝ ይርዳው።

ይህን ቃል አውቃለሁ።
ቀጠሮ ያለህ ሰው «ደረስኩ» ሲልህ በስልክ፣
ካልሲ ፍለጋ ነው ካልጋ ሥር ተንበርክኮ፤
ማሳም ደርሷል ሲባል
ገና አጨዳ አለ፣ ገና መውቃት አለ፣
መንሹን የወሰደው ጎረቤት መች መለሰ።
«ደርሷል» ይቅር አልኩኝ፤ «ተፈትኗል» በሉ፤
የፈተነውን ሰው፣ ቀኑንም አክሉ።

ደቦ ቢሆን ኖሮ፣ ማጭዱን ያስቀመጠ ይታያል በጎኑ፤
እዚህ ምልክቱ ግን፣
ከስም አጠገብ ያለ ነጥብ፣ ግራጫ መሆኑ።
የሽመክት ነጥብ አሥራ አንድ ቀን ከሰለ።
ረድፉን ቀይ ቀባሁት።
«ድርሻውን ያካፍሉን» አለች ትርሲት፤
ወይንሸት ምንም አላለች።
ደብዳቤ ጀመርኩለት፦ «ውጤትህን በተመለከተ…»

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፣
ደግሞ ተንቀጠቀጠ፣
የአሥራ አንድ ቀን መልእክት ባንዴ ተገለበጠ፦

ሰኞ። መብራት የለም። ኮዱን በደብተር ጻፍኩት።
ረቡዕ። የወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ሲነሣ ላፕቶፑን ቻርጅ አደረግኩ፤ ዱቄት ገብቶበታል።
ቅዳሜ። ስህተቱ ይርዳው ክፍል ነው፣ ሰማንያ አራተኛው መስመር፤
አይቆጡት፣ አስተካክዬዋለሁ።
ሐሙስ። መምህር፣ ዝም አሉኝ። ደህና ነዎት?
ወይስ ተቀነስኩ?

በሱ በኩል ለካ
ግራጫው እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን አጠፋሁ።
ይቅርታ ልጽፍ ነበር፣ ምስጋናም፣ ምክርም፤
በብርድ የደነዘዘ ጣቴ ግን
የከለከልኳትን ቃል መረጠ፦
«ደርሷል»።

ከጎኗ አንድ ጭረት።
ሁለተኛውን ስጠብቅ
ነጋ።