ግራጫው ቁልፍ

ሱሐር፣ ነሐሴ። አየሩ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል፤
ከመስታወቱ ውጭ የተምሩ ዛፍ ጥላውን ሰብስቦ ቆሟል።
እኔ ከውስጥ፣ በማቀዝቀዣው ብርድ፣ ሹራብ ደርቤ
የዩኒቨርሲቲውን የኮርስ መመዝገቢያ ገጽ አፈርሳለሁ።

ገጽ ይሉታል እንጂ ፊት ያለው አልመሰለኝም፤
አሥራ አራት ማውጫ፣ ሦስት ዓይነት ቀይ፣
ከላይ እየተሽከረከረ የሚመጻደቅ የማማው ፎቶ፤
"መዝግብ" የሚለው ቁልፍ ከታች፣ ከግርጌ ማስታወሻው ሥር፣
እንደ ዕዳ ሰነድ ተሸሽጎ።

ኡስታዝ ኸልፋን፣ የሬጅስትራሩ ሹም፣
"አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ማን አማረረ?" አሉኝ።
እውነት ነው፤ ማንም አላማረረም።
የሚያማርር ሰው አስቀድሞ
"ጥፋቱ የኔ አይደለም" ማለት መቻል አለበት።

ስለዚህ ሰዎች ጠራሁ፤ አንድ በአንድ አስቀምጬ
እጃቸውን አየሁ። ሙያው ዝም ማለት ነው፤
ጣት ሲያመነታ አለመርዳት፣
"እዚያ ጋ" ሊል የተነሣ ምላስን መንከስ።
ሙዝና፣ የሁለተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ፣ ሰባት ጊዜ ተጫነች፤
በስምንተኛው "ጊዜዎ አልቋል" አላት።
ሳቀችና ለአባቷ ደወለች።
የኬረላው ልጅ ጆቢን ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤
የኮርሶቹን ቁጥር በእርሳስ ገልብጦ ኖሯል፣
ማሽኑ የሚረሳውን እሱ ሊያስታውስለት።

መጨረሻ ዘምዘም ገባች፤ የማታ ተማሪ፣ ሒሳብ አያያዝ፣
የሐይቅ ልጅ፣ ቀን ቀን የሰው ቤት ሠራተኛ።
ኮምፒውተሩን ገፋ አድርጋ ስልኳን አወጣች፤
መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል።
ቁልፉ ግራጫ ነበር። ተጫነችው። ግራጫ።
ጠበቀች። በሻርፗ ጫፍ ወለወለችው። ተጫነችው።
ግራጫ።
"ይቅርታ" አለችኝ፣ "እኔ ነኝ መሰል ያላወቅሁበት።"

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ይቅርታ ለማን? ለአራት ማዕዘን ቀለም?
በቋንቋችን ቁልፍ ሦስት ነው፦
የሸሚዝ፣ የበር፣ የመሣሪያ።
የሌላ ሰው ሸሚዝ ተኩሳ፣ የሌላ ሰው በር ዘግታ
የራሴ ብላ የመጣችበት ይኸኛው
አልነቃነቅ አላት።

ፎቶውን አወረድኩ፣ ቁልፉን ከፍ አረግሁ፤
ሦስት የነበረ ቀይ አንዱን አስቀረሁ፤
ሰው ሳይደክም እንዲያውቀው ክፍሉ እንደሞላ
የወንበሩን ቁጥር ጻፍኩ፣ ከስሙ ኋላ።
"ማማው የት ገባ?" አሉ ኡስታዝ ቅር ብሏቸው፤
"ያውቁታል" አልኩ፣ "ይገቡበታል በእግራቸው።"

ከዚያ፣ ከግራጫው ቁልፍ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤
ለምን እንደተዘጋ የሚናገር አንድ መስመር።
በዐረብኛና በእንግሊዝኛ። አማርኛም ጠይቄ ነበር፤
"በጀት የለም" ተባልኩ።

ምዝገባው በተከፈተ ሌሊት የድምፅ መልእክት መጣ።
"አሁንስ ይናገራል" አለች ዘምዘም።
"የመኖሪያ ፈቃድዎ አልፏል፤ አሠሪዎ እስከ እሑድ
ካደሱት ቦታዎ ይጠበቃል፣ ይላል።"
ከዚያ ዝም። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያው ይዞራል።

ምክንያቱን መጻፍ ቻልኩ፤
መክፈቱ በእጄ አልነበረም።
ፈቃዱን የሚያድሱት ሰውዬ የኔን ገጽ ከፍተው አያውቁም።
የእሳቸውን ገጽ ግን ዘምዘም ታነበዋለች፣
ማውጫ የለው፣ መመለሻ የለው፣ ስድስት ዓመት ያጠናችው።
ከምሳ በኋላ ግንባራቸው ሲፈታ ጠብቃ
ስልኳን በሁለት እጇ እንደምታቀርብ ነገረችኝ፤
በስንጥቁ መሐል የኔ መስመር።

የረቡዕ ማታው ክፍል ቅዳሜ ሌሊት ሠላሳ አንድ ይል ነበር።
እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ሁለት።
የማን እንደሆነ አላውቅም። ገጹ ስም አያሳየኝም፤
የሰው ምስጢር ነው ብዬ
እኔው ነኝ የደበቅሁት።