አንድ ሰዓት ድምፅ

ውሉ አንድ ገጽ ነው፦ ለአንድ ሰዓት ድምፅ ስድስት መቶ ብር።
ለደቂቃ አሥር፤ ለስድስት ሰከንድ አንድ። ቀላል ቁጥር።
ሽምብጥ፣ ከግቢው ጀርባ፣ በአንዲቷ ክፍል ቤቴ
ማዳመጫ ሰክቼ ተቀመጥኩ፣ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ ለጎረቤቴ።

«ሰዓት» ያሉት የተናጋሪውን ነው፤ የኔን አይደለም።
እሱ አንድ ያወራውን እኔ ስድስት እንደምጽፈው ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልፈረመም።

ነፋስ አለ በቀረጻው፤ የሞተር ጀልባ አለ፤ ዶሮ አለ፤
አንዲት ቃል ለመያዝ ዘጠኝ ጊዜ መለስኩት፦
«ደንገል» አለ ወይስ «ድንግል» አለ?

ድምፁ የእንድሪስ ነው፣ የዓሣ አስጋሪው። በመልክ አላውቀው፤
የቱ ቃል ላይ እንደሚያስል ግን
ከሚስቱ ቀጥሎ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አሥራ አንድ ላይ መጣ።
ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ፤ መጠበቅ ሥራ ነው ወይስ ዕጣ?
ስንሻው፣ ብረት በያጁ፣ እሱም እጁን አጣምሮ ቆሟል ከበሩ፤
«እኔ እኮ የምደክመው ሲጠፋ ነው» አለኝ፣ «ሲመጣማ ያው ነው ነገሩ።»

እህቴ ትሁኔ ደወለች። «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ! ታድለሽ!» አለች።
ማታ ደብተር ከፈትኩ። እንዳለፈው ጊዜ ከሆነ፦

መጻፍ፣ ስድስት። መልሶ ማንበብ፣ አንድ።
በፍላሽ ይዞ ፔዳ፣ ቢሯቸው ድረስ መሄድ፣ አንድ።
«አስተባባሪው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ወንበር ያሞቅኩበት፣ ሁለት።
መብራት የጠበቅኩት ሦስት። ጻፍኩት። ሰረዝኩት።
መልሼ ጻፍኩት።

ባጃጅ ስልሳ፣ የባትሪው ዕዳ መቶ፣ ድምፁን ያወረድኩበት ጥቅል ሃምሳ፤
ሦስት መቶ ዘጠናውን ለአሥራ ሦስት ባካፍለው፣
ቀሪ የሌለው፣ ንጹሕ፣ ሠላሳ።

ሠላሳ ብር።
ይሁዳ እንኳ ሠላሳውን በቅድሚያ ነው የተቀበለው፤
የኔ ገና «ፋይናንስ ጋ ነው» የሚባለው።

መብራቱ ሳለ ልጨርስ ብዬ ተመለስኩ። ጥያቄ አሥራ ሰባት።
ጠያቂው፣ ወጣት ነው፣ ቅጹን እያገላበጠ፦
«በሰዓት ስንት ያገኛሉ፣ አባት?»

[ሳቅ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ።]
ሁለት ብር።

«የቱን ሰዓት ልንገርህ? መረብ የምጥልበትን?
እምቦጭ ጠቅልሎ ሲመጣ ቁጭ ብዬ የምፈታበትን?
ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ
ፀሐይ ላይ አውጥቼ እንደ በሽተኛ የማገላብጥበትን?
ሌሊት ነፋሱን እየሰማሁ፣ ተኝቻለሁ የምልበትን?
ዓሣው ሳይበላሽ ገዢ ይምጣ ብዬ አስፋልት ዳር የምገተርበትንስ?
ይኼን ሁሉ ከቆጠርኩማ፣ ነገ ሐይቁ ላይ ማን ይወጣል?»

ሳል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተስ፣ ልጄ፣ ስንት ይከፍሉሃል?
ይኼን ያልኩትን ተቀምጦ የሚጽፈውስ ሰው?»

ጣቴ ፊደሉ ላይ ቀረ።
መለስኩት። «የሚጽፈውስ ሰው?»
መለስኩት። «የሚጽፈውስ ሰው?»
ጠያቂው ዝም አለ። ወረቀት ተገለጠ። ሩቅ፣ አንድ ጀልባ።
ከዚያ፦ «ጥያቄ አሥራ ስምንት።»

መመሪያው ግልጽ ነው፤ የተባለው እንደተባለ፣ ያልተባለውም ከነርዝመቱ ይጻፍ።
[ዝምታ፣ ስድስት ሰከንድ።]

ስምንት ጊዜ ሰማሁት ያንን ዝምታ።
ሰባቱ የራሴ ነው፣ የትም አይመዘገብም።
አንዱ ግን በውሉ ሒሳብ አንድ ብር ነው፤
እሱም ገና
ፋይናንስ ጋ ነው።