ያልፈረመች

ዝናብ ነው ቪጎ ላይ፤ ወደቡ ጨፍግጓል፣
ሦስተኛው ፎቅ ደግሞ ማሞቂያው ጠፍቷል።
ከበሩ ፊት ለፊት፣ ኬኳን እንደታቀፈች፣
ዶሪንዳ ቁጭ ብላ አንገቷን አስግጋለች፤
የልጇ ድምፅ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም።

ጸሐፊዋ ብቅ አለች። "እርስዎ ፈርመዋል?"
"ምኑን?"
"የምስጢሩን ውል። ፋብሪካው ለጥናቱ ግማሹን ከፍሏል፤
ያልፈረመ ሁሉ ከደጅ ይጠብቃል።"
"እናቷ እኮ ነኝ።"
"አውቃለሁ፣ ወይዘሮ።"
"ጣሳውንም የምሞላው እኔው ነኝ!"
ጸሐፊዋ አቀርቅራ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

እኔ ከጎኗ ነኝ። የኔ ተራ ሐሙስ ነው፣
የኔ ውል ከቀለም ፋብሪካ ጋራ ነው።
"ሃያ ስድስት ዓመት" አለችኝ ሳልጠይቃት፣
"ሰርዲን ስደረድር፣ ራስ በጅራት፣ ጅራት በራስ።
አንድ ማታ ኡሺያ፣ ድንች ስልጥ መጥታ፣
'እማ፣ ክዳኑ የሚያብጥ ጣሳ የሚበዛው የቱ ቀን ነው?' አለች።
እኔም ሳላስብበት፣ ቢላዬን ሳላስቀምጥ፣
'ሰኞ ነዋ!' አልኳት፣ 'እሑድ ቦይለሩ ተኝቶ ያድራል፤
ሰኞ ጠዋት እንፋሎቱ ሳይነቃ ጣሳው ይገባል።'
ደብተር ፍለጋ ሮጠች።
ያን ለት እራቷን አልበላች።"

ዝም አልኩ።
ምዕራፍ ሦስትን ሳይፈቀድልኝ አንብቤዋለሁ፤
ከአምስቱ ዓምዶች መኻል የመጀመሪያው
ምን ያህል እንደረዘመ አይቻለሁ።
ምስጋናው ላይ የዲሬክተሩ ስም ከነማዕረጉ አለ፤
የድንቹ ማታ ግን የትም አልተባለ።

ጭብጨባ። በሩ ተበረገደ።
የፋብሪካው ጠበቃ ቦርሳውን እየቆለፈ ቀድሞ ወጣ፤
ኡሺያ ተከተለች፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ዶክተር ሆና፣
እናቷን አቀፈች፣ ኬኩ መኻላቸው ተጨፍልቆ።
"ምን አልሻቸው?"
"እማ... እስከ አምስት ዓመት ለማንም አልናገርም።"
"ለኔም?"
"ላንቺም።"
"የሰኞውንስ?"
ልጅቷ ጠበቃውን አየች፤ ቀጥላ ወለሉን።
ዶሪንዳ ግን ሳቀች፦
"በይ ተይው፤ ማሸግን ለኔ ልታስተምሪኝ ነው?"
ኬኩንም ቆረሰች፤ ለጠበቃውም ደረሰው።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣
የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከወትሮው ቀድሞ ጨሰ።
ለምን እንደሆነ ለሠራተኛው የነገረ የለም።
ዶሪንዳ ሽርጧን አሰረች፤
እንፋሎቱን ቆማ በጆሮዋ ለካችው፤
እንደፈረመ ሰው
ምንም አላለችም።