ቤት የማይመታ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህ ግጥም ቤት አይመታም።
ቤት የመታው ሌላ ነው፤
የበለዲያው ሰው፣ በመዶሻ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣
ናይፍ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ።

አንድ ሳሎን ነበር።
በጂፕሰም ከፋፍለው ሰባት አደረጉት።
የኔ ድርሻ ርዝመቱ የራሴው ቁመት፣ ስንዝር ቢጨመርበት ነው፤
ስፋቱ ሁለት እጄን ልዘረጋ ስል ክርኔ ላይ ያልቃል።
ለዚያ ስድስት መቶ ድርሃም።
መስኮቱ ለሐዋ ደረሰ፤ መቶ ጨምራ ትከፍል ነበር፣
ለብርሃን።
ኤሲው ከደብሪቱ ራስጌ፤
ብርዱ እኔ ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ ይደክመዋል።
አንዲቷ አልጋ ደግሞ ሁለት ባለቤት ነበራት፦
ሌሊት አይናዲስ ትተኛበታለች፣ ቀን ስንዱ፣
ከሆስፒታል ጽዳት የምትመለሰው።
አንሶላው ቀዝቅዞ አያውቅም።
ሁለት ዓመት አንድ ትራስ ተንተርሰው
በወጉ የተያዩት ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስቱም በዓል።

እኔ ቀን ቀን ጁሜራ እሠራለሁ።
ጠጅነሽ ለማዳም አፍ ከበዳት፣ ኖራ ትለኛለች፤
ኖራ በኛ ቋንቋ የግድግዳ ነው፣
ግድየለም፣ ግድግዳም አንድ ነገር ነው።
ቤቱ አሥራ አንድ ክፍል። ስለምጠርገው አውቀዋለሁ።
አንደኛው የእንግዳ ነው፤
እንግዳ መጥቶበት አላየሁም፣
ግን በየሐሙሱ አንሶላው ይቀየራል፤
ያልመጣ ሰው ያልተኛበትን አጥባለሁ።
አገሬ ‹‹ቤቶች!›› ሲሉ ‹‹ቤት ለእንግዳ›› ይባላል።
እዚህ ቃሉን ሳያውቁት ፈጽመውታል።

ማክሰኞ ‹‹ቤቶች!›› ያለን የለም።
በሩ ተደበደበ።
ተቆጣጣሪው ልጅ እግር ነው፣ ክፉም አልነበረም።
ወረቀቱን አሳየን። ‹‹እሳት ቢነሳ አታመልጡም›› አለ።
እውነቱን ነው።
ሽቦው እንደ ሐረግ ግድግዳው ላይ ሲሳብ አይቻለሁ፣
ሌሊት ሌሊት ሲንጣጣ ሰምቼ
እንዳልሰማሁ ፊቴን አዙሬ ተኝቻለሁ።
‹‹ታዲያ የት እንሂድ?›› አለችው ሐዋ።
ወረቀቱን ገለበጠው።
ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም።

አከራያችን ማንደፍሮ ስልኩን ዘጋ።
እሱም ተከራይ ነው፣ የተከራይ ተከራይ፤
ከሱ በላይ አንድ ሰው አለ፣ ከዚያ ሰው በላይ ኩባንያ፣
ከኩባንያው በላይ፣ እንጃ፣ ሰማይ መሰለኝ።

ለደህንነታችን ሲባል ደጅ አደርን።
መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ሻንጣችን ላይ፣
የነሐሴ አየር እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ተጭኖን።
ስንዱ ወደ ሥራ ስትወጣ
አይናዲስን ጉንጯን ሳመቻት፤
አልጋው ስለፈረሰ ተገናኙ።

እህቴ የደወለችው ያኔ ነው።
የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ወጥቷል።
አሥራ አንድ ዓመት የቆጠብኩበት፣ ባለ አንድ መኝታው።
‹‹ጠጅነሽ አበጋዝ የምትል አለች›› አለችኝ፣ ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ፣
‹‹አያቷ ግን ሌላ ነው።››
እኔ ዝም፣ እሷም ዝም፤
ካርዷ እስኪያልቅ ሁለታችንም አያታችንን አሰብን።
ለዚያች ጠጅነሽ ቤት ለእንቦሳ ብያለሁ። ከልቤ ነው።
በሷ ቢሆን ይህም ግጥም ቤት ይመታ ነበር።

ሐሙስ የእንግዳውን አንሶላ ቀየርኩ።
አልጋው ላይ አልተቀመጥኩም።
ወለሉ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጀርባዬን አስደግፌ
በእግሬ ጫፍ በሩን ገፋሁት።
ገጠመ።
እንዲህ ያለ በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም።
ሁለት እጄን ዘረጋሁ፣
የሚነካኝ ግድግዳ አጣሁ።

‹‹ኖራ!›› አለች ማዳም ከታች፣
‹‹ኖራ! የት ነሽ?››