የግራው ስፒከር

በሦስት ጉዞ ነው ያመጣሁት፣ ከጅቡቲ ከፋፍዬ፦
አምፕሊፋየሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣
ሁለቱን ስፒከር ከሩዝ ጆንያ ኋላ ጥዬ፣
የሸክላ ማጫወቻዋን መርፌ በካልሲዬ።
የደወሌ ፈታሽ ሻንጣዬን እንጂ ቁርጭምጭሚቴን መች አወቀ፣
እስከ ሽንሌ እግሬ ተወጋ፣ ጥርሴ ሳቀ።

ያኔ ባቡር ነበር። ያኔ ጉልበት ነበር።
ሐሙስ ማታ ሙፍቲህ ሽርጡን አገልድሞ ከመጋላ ብቅ ይላል፣
ጫማውን በር ላይ ጥሎ፣ በስተግራ ይቀመጣል።
ቀኝ ጆሮውን የወርክሾፑ መዶሻ ወስዶበታል፤
"የኔ ስፒከር ይቺ ናት፣ ያኛዋ ያንተ" ይለኛል።
አንዱን ዘፈን ለሁለት ቆርሰን፦
ጊታሩ የሱ፣ ሳክስፎኑ የኔ፣
ዘፋኟ መሐላችን ቆማ።
ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ተነሥቼ እገለብጣለሁ፣
ሸክላዋን በከፋይ ጨርቅ ከዳር እዳር እጠርጋለሁ።
የድሬ አቧራ ግን ዘፈን ይወዳል፣
ጠርገኸው ዞር ሳትል ተመልሶ ይቀመጣል።

ደቻቱ የሞላ ሌሊት
ብዙ ቤት ሰው ጎድሎበት፣ ስለ ዕቃ ማውራት ነውር ነበር፤
ዝም ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ የግራውን ስፒከር።
ደለል ጠጥቶ ኖሮ
ከዚያ ወዲያ ድምፁ ሻከረ፣ እንደ ጉንፋን ጉሮሮ።
ልፈታው ስል ሙፍቲህ እጄን ያዘው፤
"ተወው" አለ፣ "እሱም ያየውን ነው የሚያወራው።"

ዘንድሮ በግንቦት ትርሲት ልጄ ከሳቢያን መጣች፣
አንድ ድቡልቡል ነገር ይዛ ገባች።
"ከስልክህ ጋር አጋባሁልህ፣ አባ፤ ካሁን ወዲያ አትነሣ፣
ዘፈኑን በስሙ ጥራው፣ ይመጣል።"
እታገኝ እልል አለች፣
"በዚህ ሙቀት ሳሎን ውስጥ ምድጃ የጣድን እኛ ብቻ" ስትል የኖረች።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።
ጉልበቴ መረቀኝ።
በረንዳ ላይ፣ ሸራ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣
ሠላሳ ዓመት ያጣሁትን ዘፈን ሰማሁት ደጋግሜ።
ጥርት ያለ። አቧራ የለው፣ ጉንፋን የለው።

ዕቃውን ታይዋን ተራ ወሰድኩት፤ ነጋዴው አገላብጦ አየው።
አምፕሊፋየሩን ገዛ፣ ማጫወቻዋን ገዛ፣ የቀኙንም ስፒከር፤
የግራውን በጣቱ ኳ አድርጎ፣ "ይሄ ታሟል" ብሎ ተወው።
በባጃጅ ተመለስን፣ ጭኔ ላይ ታቅፌው።

ሐሙስ ሙፍቲህ መጣ። አሁን ከዘራ ይዟል።
ጫማውን ጥሎ፣ ግድግዳውን ዳብሶ፣ ቦታውን ያዘ፤
ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጠፋው፤ አንገቱን አዟዙሮ ፈዘዘ።
"የኔዋ የታለች?"
ድቡልቡሏን አሳየሁት። ግራ የላት፣ ቀኝ የላት።
ግራው ጠፍቶበት ሳየው፣
እኔም ያኔ ነው ግራ የገባኝ።

አንሥቶ ደኅናው ጆሮው ላይ ለጠፋት፣
አሸዋ ገበያ ሀብሀብ እንደሚመርጥ ሰው መታ መታ አደረጋት፤
"በስላለች" አለ።
ከዚያ ከታመመው ስፒከር አናት የእታገኝን ፕላስቲክ አበባ ገፋ አድርጎ አስቀመጣት፣
ወንበሩን ሳበላት።

ሰዓት አላየሁም፤
ሃያ ደቂቃ ሲሆን ግን ጉልበቴ ራሱ አውቆ ተነሣሁ።
ሳሎኑ መሐል ቆምኩ፣ እጄ የሚገለብጠው አጥቶ።
"ሌላው ገጽ?" አለኝ ሙፍቲህ፣ ሽቅብ አይቶ።
ዘፈኑ እኛን መች ጠበቀ፤
ገና ሳንተያይ አንዱ አልቆ፣ ሌላው ዘለቀ።